ጋሼ ጅራታና የማያቃጥለው በርበሬ

አንድ ቦታ ከተማ ለመባል ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ፖሊስ ጣቢያና አንድ ቁጡ ሰው ያስፈልገዋል። ሦስቱ ተሟልተው አራተኛው ከጎደለ ቦታው ገና መንደር ነው። ቁጡ ሰው በሌለበት ልጆች የማንን አጥር መዝለል እንደሌለባቸው አያውቁም፤ ሹፌሮች የት ጋ ጡሩምባ እንደማይነፋ አያውቁም፤ ሚስቶችም ባሎቻቸውን "ደግሞ እንደ እሳቸው መሆን አማረህ?" ብለው የሚገሥጹበት ሰው ያጣሉ። ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ስለሆነች በማዕረጓ ልክ ሦስት ቁጡዎች ነበሯት። ሁሩሙ አንድ ነበራት፣ እሱም ቆርቦ በረደባት። ኖፓ ሲቸግራት ከጎረቤት ትዋስ ነበር። መቱ ግን አንድ ብቻ ኖሯት በማንም ቀንታ አታውቅም።

እኚህ ክቡር ሰው አቶ ጅራታ ይባላሉ፤ ሰፈሩ ጋሼ ጅራታ ይላቸዋል። ጣሊያን ከወጣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እሳቸው በመቱ ስልክ ቤት ስልከኛ ነበሩ። ወደ ጎሬ የተዘረጋው ሽቦ ግማሹ በምሰሶ፣ ግማሹ በዋንዛ ዛፍ ላይ ነው የሚሄደው፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ድምፅ ይውጣል። በኢሉባቦር ዝናብ የማይነካው ቀን ስንት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ። ስለዚህ መጮኽ የሥራው ጠባይ ነበር። ጋሼ ጅራታ ሲጮኹ ግን ጎሬ የምትሰማቸው በሽቦው ይሁን በአየሩ ለይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ቁጣቸው ሥርዓት አለው። በአማርኛ ይጀምራሉ። ሲግሉ ወደ ኦሮምኛ ይሻገራሉ፤ የእናታቸው ቋንቋ ስለሆነ እዚያ ሰፊ ሜዳ ያገኛሉ። ጨርሰው ከነደዱ ከጣሊያን ዘመን የተረፈች፣ አሳማ ማለት የሆነች አንዲት "ፖርኮ" አለቻቸው፣ በሷ ይመርቁበታል። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የጠየቃቸው ሰው "እኔ ሰው ነኝ ወይስ ምሰሶ?" ይባላል። ገበያተኛው ተብሏል፣ የፖሊስ አዛዡም ተብሏል። ጎሬ ያለው ስልከኛ ዳዲ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሲባል ኖሯል፤ መልኩን ግን አንድም ቀን አይተውት አያውቁም።

ይህንንም አብረን እንናገር እንጂ፣ ጋሼ ጅራታ እጃቸውን በማንም ላይ አንሥተው አያውቁም። ጠዋት የሰደቡትን ሰው ከሰዓት በኋላ ሲያገኙት የታመመች ላሙ እንዴት እንደዋለች ይጠይቁታል፤ ስድቡ ትዝም አይላቸው። ልጅ የላቸውም። ያለቻቸው ሃያ ሁለት ዓመት አብራቸው የኖረች ሚስታቸው ተስፋነሽ ናት፣ ጎረቤቱ እትዬ ተስፋነሽ የሚላት። እሳቸው ሲጮኹ እሷ ሽንኩርቷን ትከትፋለች። ሲጨርሱ "በሉ ይቅረቡ" ትላቸዋለች፣ ቀርበው ይበላሉ።

እንግዲህ በአርባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ላይ፣ ተስፋነሽን ጨጓራ ያዛት።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነመራ ሆዷን ነካ ነካ አደረገና በርበሬ ከለከላት። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ዳጣ፣ አዋዜ፣ ምኑም አይነካም። ሌላ ሴት ብትሆን ምናልባት ትችለው ነበር። የተስፋነሽ ወጥ ግን ሲቁላላ አላፊ አግዳሚውን የሚያስነጥስ ነው። አልጫ ቀረበላት፤ አንዴ ቀመሰችና ይሄ የበሽተኛ ምግብ ነው ብላ ገፋችው። በሽተኛ እኮ ነሽ ቢሏት አልሰማችም። ሁለት ሳምንት በዚህ አለፈ፣ ቀሚሷ ሰፋት፣ ቀለበቷ ከጣቷ ይወልቅ ጀመር። ጋሼ ጅራታ ይህን ሲያዩ ቁጣ ያልሆነ ነገር ገባባቸው። ፍርሃት ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚያደርጉት ስላላወቁ ሄደው ነመራ ላይ ጮኹበት።

ነመራ ከድንጋጤው ብዛት አንድ ነገር ትዝ አለው። ጎሬ የሚኖረው የግሪክ ነጋዴ ሚስት በጓሮዋ የምታበቅለው በርበሬ አለ፤ መልኩም ሽታውም በርበሬ ነው፣ ነገር ግን አያቃጥልም፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። ጋሼ ጅራታ የማያቃጥል በርበሬና የማይናገር ስልክ አንድ ናቸው ብለው አጣጣሉት። ቢሆንም ነመራ በሳምንቱ ከጎሬ ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሃያ አንድ ፍሬ ዘር አመጣላቸው። ሙቀት ይፈልጋል ብላለች ሴትዮዋ አላቸው፣ ራቅ ብሎ ቆሞ።

በመቱ በርበሬን የሚመለከት ነገር ሁሉ ይግባኙ እትዬ ኡምሰልማ ዘንድ ነው። አባታቸው ከጅማ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አርባ ዓመት በርበሬ ሸጠዋል፣ ዛላውን አሽትተው የማን ማሳ እንደሆነ ይናገራሉ። ጋሼ ጅራታ ገበያ ወርደው ጋዜጣውን ፈቱላቸው። እትዬ ኡምሰልማ አንዷን ዘር በጥፍራቸው ገልበጥ አደረጉና፣ ዘሩን ትተው የጋሼ ጅራታን ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ።

"ይሄ ካንተ ጋር አይሆንም" አሉ። "በርበሬ የሚተክለውን ሰው ቁጣ ይጠጣል። የኔ በርበሬ እንዲያ የሚለበልበው ለምን ይመስልሃል? የሚተክለው ባለቤቴ ነበር፣ አላህ ይማረው።"

ገበያተኛው ሚዛኑን እየተወ ተሰበሰበ። እትዬ ኡምሰልማ ፍርዳቸውን ሰጡ። ዘሩ ውሃ ከነካበት ቀን ጀምሮ የመጀመሪያዋ ፍሬ ቀልታ እስክትቆረጥ ድረስ ቁጣ የለም፣ ጩኸትም የለም። ጋሼ ጅራታ በልብ ብቻ መቆጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። በልብማ ይብሳል ተባሉ፤ ታምቆ ይቆይና አንድ ቀን ባንዴ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ሌላም ነበር፤ በርበሬውን የምትበላዋ ሴት ቁጣ መከልከሉን መስማት የለባትም፣ ከሰማች ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ እትዬ ኡምሰልማ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረው፣ ለተስፋነሽ ትንፍሽ ያለ ከዛሬ ጀምሮ ከኔ በርበሬ አይገዛም አሉ።

መቱ ምስጢር ጠብቃ አታውቅም። ይህን ግን ጠበቀች። ያለ በርበሬ አይኖርም፤ አራት ወር ሳይሰደቡ መክረምም የሁሉም ምኞት ነበር። ተስፋነሽ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከቤት መውጣት ትታለች።

ዘሩ ሚያዝያ መባቻ ላይ ውሃ ነካው። ለተስፋነሽ የማያቃጥል በርበሬ ላበቅልልሽ ነው ብለው ነገሯት፣ በዚያው ዝም አሉ። ሙቀት የተባለው ነገር ግን አስቸገረ፤ በመቱ ሙቀት ያለው ምድጃ ዳር ነው፣ ምድጃ ዳር ደግሞ ጢስ አለ። ጋሼ ጅራታ ሌት ተቀን የሚሞቅ ነገር ሲፈልጉ ቆዩና የራሳቸውን ሆድ አገኙ። ዘሩን በእርጥብ ሻሽ ጠቀለሉት፣ ከሸሚዛቸው ሥር በሚስታቸው አሮጌ መቀነት አሰሩት። ዘጠኝ ቀን እንዲያ ኖሩ። ሲቀመጡ በቀስታ ነው፣ ሲነሡ በቀስታ፣ ሲተኙ በጀርባ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ስለታዩ፣ ጋሼ ጅራታ ወራቸው ገብቷል ተባለ። አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ ምን ምን እንደሚያምራቸው ጠየቀቻቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያቺ ሴት መቱን ለቃ ትሄድ ነበር። ያን ቀን ግን ቁጣ የሚነሣው ከሆድ ነው፣ ሆዳቸው ላይ ያለው ደግሞ ዘሩ ነው፤ ስለዚህ ምንም አላማረኝም፣ እግዜር ይስጥሽ አሏት። ሴትዮዋ ደንግጣ ለሦስት ቀን ለማንም ሳትናገር ቀረች።

ከሃያ አንዱ ዐሥራ አራቱ ጭራቸውን አወጡ። ቀጥሎ የሆነው ስሕተት የጋሼ ጅራታ ብቻ አይደለም፣ የአገሩ ሁሉ ነው። በኢሉባቦር ችግኝ ማለት የቡና ችግኝ ነው፤ የቡና ችግኝ ደግሞ ጥላ ይወዳል። ጋሼ ጅራታም እንደ ቡናው አፈር በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ተከሏቸው፣ ከቤቱ ጀርባ ዳስ ሠሩላቸው፣ ዳሱን በቅጠል ደፈኑት። ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ ጥላው አንሷል፣ ይጨመር እያለ ይመክራል። ይጨመራል። በወሩ ችግኞቹ ነጥተው፣ ቀጥነው፣ ብርሃን ፍለጋ አንገታቸውን አስረዝመው ተገኙ። ነመራ ተጠራ። ገብቶ አየና፣ ሰዎች፣ ይሄ እኮ ቡና አይደለም፣ ፀሐይ ነው የሚፈልገው አለ። አምስቱ በዚያው ቀሩ።

ፀሐይ፣ በመቱ፣ በግንቦት። ጋሼ ጅራታ የተረፉትን ዘጠኙን በሰፌድ ደርድረው ስልክ ቤት ይዘዋቸው ይሄዱ ጀመር። ደመናው ሲገለጥ የሚነጋገረው ማንም ይሁን ማን መነጋገሪያውን አስቀምጠው ሰፌዱን ይዘው ይወጣሉ። ሲያካፋ ይዘው ይገባሉ። አንድ ትልቅ ሰው ከጎሬ ጋር ሲነጋገሩ በአንድ ንግግር መካከል ሦስት ጊዜ ፀሐይ ወጣችባቸው፣ ሦስት ጊዜም ጠበቁ። ችግኞቹ ሲጠነክሩ ወደ ላምባ ቆርቆሮ ተዛወሩ፤ በስልክ ቤቱ መስኮት ሥር ተደረደሩ።

ሰኔ ላይ የጎረቤቱ የጎንፋ በግ ሁለቱን በላቸው።

ስልክ ቤት ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ወደ ጋሼ ጅራታ ዞረ። ጋሼ ጅራታ ወጡ፣ በጉን አዩት፣ በጉም አያቸው፣ ቅጠሉ ከአፉ ተንጠልጥሏል። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና የበጉን ግንባር ደባበሱት። በጉን ፍለጋ የደረሰው ጎንፋ ይህን ሲያይ የልብ ልብ ተሰማው፤ በዚያው ቆሞ፣ ከአራት ዓመት በፊት የጠፉብዎትን ባሕር ዛፎች የቆረጥኩት እኔ ነኝ አላቸው። ጋሼ ጅራታ ቤትህን ሠራህበት ወይ ብለው ጠየቁት። ሠራሁበት አላቸው። ይባረክልህ አሉት፤ ቃሏን ለማውጣት ግን ኮሶ ከመጠጣት የበለጠ ታገሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ ቤት በር ላይ ንስሐ የሚገባው ሰው በዛ። አንዱ ዶሮ ሰርቄዎት ነበር ይላል፣ ሌላው በሌለሁበት አምቼዎታለሁ ይላል፤ ሁሉም በጋሼ ጅራታ ተመርቆ ይሄዳል።

ሥራው ግን ተበደለ። ጋሼ ጅራታ በስልክ ሲናገሩ ድምፃቸው ለሕፃን እሹሩሩ የሚሉበት ድምፅ ሆነ፤ የሐምሌ ዝናብ ደግሞ እሱኑም ይውጠዋል። የመቱን ጉዳይ ለጎሬ ለማድረስ በእግር መሄድ ይቀል ነበር። ጎሬ ያለው ዳዲ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ተጨነቀ፣ በመጨረሻ እርሙን አወጣ። ጅራታ ሞቶ ሌላ ሰው ተተክቷል ብሎ አመነ። ነኝ ቢሉት አልቀበልም አለ፤ እንዲያውም ሦስት ቀን ነጠላውን ዘቅዝቆ ለብሷል ተብሎ ወሬው መቱ ደረሰ።

ጋሼ ጅራታ በቤታቸው ደግሞ የባሰ ተጠነቀቁ። ወጥ ቢያርባት ምንም አይደል ይሏታል። ውሃ አሙቀው እግሯን ያጥቧታል። "ደከመሽ ወይ፣ የኔ እመቤት?" ይላሉ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ቃል። ተስፋነሽ ፈዝዛ ታያቸዋለች። የእህሉ ነገርማ አይነሣ፤ በፊት ሁለት ሦስት ጉርሻ ትሞክር የነበረችው አሁን አንዷም በጉሮሮዋ አልወርድ አለቻት። ጋሼ ጅራታ ይህን ባዩ ቁጥር ደግነታቸውን ይጨምራሉ። እሳቸው ደግ በሆኑ ቁጥር እሷ ትከሳለች።

ሌላም ጠባይ አመጣች። ጥልፍ ቀሚሷን ለእህቷ ልጅ ለዲሪቤ ላከችላት። ትልቁ ድስት ለማን፣ ትንሹ ለማን እንደሚሆን ታወጣ ታወርድ ጀመር። ሐምሌ ላይ ጃንጥላዋን ለጎረቤት ሰጠች፤ በመቱ በሐምሌ ጃንጥላውን የሚሰጥ ሰው ከዚህ ዓለም ጋር ጉዳዩን የጨረሰ ሰው ነው። ጋሼ ጅራታ ግን ደግነታቸው የተጋባባት መሰላቸው። አንድ እሑድ ደግሞ የበየነችን ነገር አነሣች። በየነች ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ወጥ ትችላለች፣ ጠባይዋም ደኅና ነው ይባላል አለች ተስፋነሽ፣ ግድግዳውን እያየች። ጋሼ ጅራታ ምግብ የምታበስልላቸው ሴት ልትቀጥር ነው ብለው ገመቱ።

"አንቺ ከወደድሻት እኔም ደስ ይለኛል" አሏት፣ በዚያው በለሰለሰው ድምፅ።

ተስፋነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ከአልጋ አልተነሣችም።

ፍልሰታ ሲፈታ ከሰባቱ ተክል በአንዱ ላይ አንዲት ፍሬ መቅላት ጀመረች። የሕፃን ጭብጥ ታክላለች። እትዬ ኡምሰልማ ከገበያ ድረስ መጥተው፣ ሦስት ቀን ይቀራታል፣ ሳትቀላ ብትቆረጥ ከንቱ ነው ብለው ሄዱ። ጋሼ ጅራታ ሦስቱን ቀን በሰዓት ከፋፍለው በልባቸው ያዙት። ነመራን ስለ ተስፋነሽ ቢጠይቁት፣ አንድ ነገር እንድትበላ ያድርጓት እንጂ ሌላ የምለው የለኝም ብሏቸው ነበር። ሁሉም ነገር በዚያች ፍሬ ላይ ወደቀ።

በማግስቱ ጠዋት ኩመራ የሚባል ገበሬ በጭቃ ተለውሶ፣ እያለከለከ ስልክ ቤት ገባ። በጎሬ መንገድ ላይ ያለችውን የእንጨት ድልድይ ጎርፍ ወስዷታል። ጉሙ የገዛ እጅህን አያሳይም አለ። ዕለቱ የመቱ ገበያ ነው፤ በገበያ ቀን የጎሬዋ ጭነት መኪና ትሬንታ ኳትሮ ጆንያ ላይ አርባ ሰው ጭና ልክ በሦስት ሰዓት ትነሣለች፣ ቁልቁለቱን ስትጀምር ደግሞ ፍሬኗ በእግዜር ፈቃድ ነው። ጋሼ ጅራታ ሰዓቱን አዩ። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነው።

የስልኩን እጀታ አዞሩ፣ ጎሬ ተገኘች። ጅራታ ነኝ፣ ድልድዩ ተወስዷል፣ መኪናዋን አቁማት አሉ፣ አራት ወር ባለማመዱት ድምፅ። ዳዲ ከዝናቡ መካከል እንደምንም ሰማና እሺ አላለም። ባለፈው ወር አንድ ሰው በስልክ ሸውዶት መኪናዋን ግማሽ ቀን አስቁሟት፣ ሹፌሩ ሊደበድበው ነበር። የማያውቀው ሰው ስለነገረው ዳግመኛ አያቆምም። ጋሼ ጅራታ ለመኑት። በእግዚአብሔር አሉት፣ በእናትህ አሉት።

"ስማ ወንድሜ" አለ ዳዲ፣ "ጅራታ ሰው ለምኖ አያውቅም። ነፍሱን ይማረው፣ ስሙን አታንሣብኝ።"

ኩመራ አፉን ከፍቶ ይመለከታል። ለሦስት አምስት ጉዳይ ሆነ። ጋሼ ጅራታ በመስኮቱ አዩ፤ ሰባቱ ቆርቆሮዎች በሥሩ ተደርድረዋል፣ ፍሬዋ ከቅጠሉ መካከል ወደሳቸው ዞራ እየቀላች ነው። ሁለት ቀን ነበር የቀራት። አርባ ሰው አሰቡ፣ አንድ ሰው አሰቡ። ተስፋነሽ ይቅር በይኝ አሉ፣ ይህችን በቀስታ ነው ያሉት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አየር ሳቡ።

"አንተ ዳዲ! እኔ ሰው ነኝ ወይስ ምሰሶ?"

መቱ ገበያ ላይ አህዮች ደነበሩ። የተነሣው የአንድ ቀን ቁጣ አልነበረም፤ የአራት ወር ነው። ዳዲ በመጀመሪያ ስለ ድልድዩ ተሰደበ፣ ቀጥሎ ስለ ጎንፋ በግ፣ ስለ ባሕር ዛፉ፣ ስለ ዶሮው፣ ምን እንደሚያምራቸው ስለጠየቀችው ሴት ሁሉ በተራ ተሰደበ። አማርኛው አለቀ፣ ኦሮምኛው ሜዳውን ሞላ፣ ፖርኮዋ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ቅዳሜ ቅዳሜ ንስሐ የገቡት ሰዎች ድንኳናቸውን እያጠፉ ወደየቤታቸው ገቡ። በመጨረሻ ስድቡ ጋብ አለ።

"ጅራታ" አለ ዳዲ፣ "ለካ አለህ።"

መነጋገሪያውን ወርውሮ ሮጠ። መኪናዋ ሞተሯን አስነሥታ፣ ሰውዋን ጭና ልትንቀሳቀስ ስትል ፊቷ ላይ ቆመ። አርባው ሰው እያጉረመረመ ወረደ፣ ከምን እንደተረፈም ኋላ ነው የሰማው።

ስልክ ቤቱ ውስጥ ኩመራ የጋሼ ጅራታን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል እሳቸው አላዩትም። ወጥተው ቆርቆሮዎቹ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። እትዬ ኡምሰልማ ጩኸቱን ሰምተው ከገበያ መጥተው ነበር፤ ተክሉን አዩ፣ ጋሼ ጅራታን አዩ፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተመለሱ። በደንብ የማያውቋቸው ሰዎች እንኳ አዘኑላቸው። ጋሼ ጅራታ ፍሬዋን ቆረጧት። ከእንግዲህ ብትቆይም ያው እሳት ናት ብለው ነው። ኪሳቸው ከተቷትና ወደ ቤታቸው አዘገሙ።

ተስፋነሽ በር ላይ ቆማለች። ሦስት ሳምንት ከአልጋ ያልተነሣችው ሴት መቃኑን ይዛ፣ ነጠላዋ ግማሹ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ቆማለች።

"ማንን ነው?" አለቻቸው።

"ዳዲን።"

"እንዴት አድርገው?"

"እንደ ጥንቱ" አሉ ጋሼ ጅራታ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ተስፋነሽ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ጋሼ ጅራታ የበርበሬው ነገር ገብቷት የምታለቅስ መሰላቸው። አጠገቧ ተቀመጡና አንድ ሳያስቀሩ ተናዘዙ፤ እትዬ ኡምሰልማ ያሉትን፣ ሆዳቸው ላይ ያሰሩትን፣ በጉን መደባበሳቸውን፣ ሁለት ቀን ሲቀር ሁሉን ማበላሸታቸውን። እሷ ማልቀሷን ትታ ታዳምጣለች።

"ለዚህ ነው?" አለች ሲጨርሱ።

"ለዚህ ነው።"

"ነመራ ምንም አልነገረዎትም? ስለኔ?"

"ምን ይነግረኛል?"

"የምሞት እንደሆነ።"

ጋሼ ጅራታ ዞረው አዩዋት።

"ሃያ ሁለት ዓመት ሲጮኹብኝ ኖሬ" አለች ተስፋነሽ፣ "አንድ ቀን ተነሥተው የኔ እመቤት ደከመሽ ወይ ሲሉኝ ምን ልበል? እርስዎን የመሰለ ሰው እንዲህ የሚለሰልሰው ሚስቱ ልትሞትበት ሲሆን ነው አልኩ። ነመራ ነግሮዎት ደብቀውኛል አልኩ። እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ያለኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ድምፅዎን ስሰማ ነው እግሬ የተነሣልኝ።"

ጋሼ ጅራታ ነገሩን ቀስ በቀስ አገጣጠሙት። ጥልፍ ቀሚሱን። ድስቶቹን። በሐምሌ የተሰጠችውን ጃንጥላ።

"በየነች" አሉ በመጨረሻ። "በየነችን ለእኔ ነበር?"

"ብቻዎን እንዳይቀሩ ብዬ።"

የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ብድግ አሉ። እኔን ያለ እኔ ፈቃድ የምትድሪ አንቺ ማነሽ አሉ፤ ሰው ሳይጠይቅ ይሞታል ወይ አሉ፤ እኔ ዘር ታቅፌ የመንደሩ መሳቂያ ስሆን አንቺ ቁጭ ብለሽ ድስት ታከፋፍያለሽ ወይ አሉ። አጥሩ ላይ የነበሩ ወፎች ተነሥተው ሄዱ። ጎረቤት ሁሉ በሩን ዘጋ። ጋሼ ጅራታ እጃቸውን ሲያወናጭፉ ፍሬዋ ከኪሳቸው ወጥታ ተንከባለለች፣ ተስፋነሽም አነሣቻት፣ በነጠላዋ ጠረግ አደረገቻትና ገመጠቻት።

ጋሼ ጅራታ መካከል ላይ ቀጥ አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "ትፊው" አሉ።

እሷ አኘከች፣ ዋጠች።

"ያቃጥላል?"

"ምንም አይል" አለች። ሌላ ጎን ገመጠች። "ለምን አቆሙ ታዲያ?"

ጋሼ ጅራታ ጥቂት ቆመው አዩዋት። ትንሽ ፈገግ አሉ መሰለኝ፣ ግን አልታየባቸውም፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ካቆሙበት ቀጠሉ። ተስፋነሽ ተነሥታ ጓዳ ገባች፣ የቀረውን በርበሬ ከሽንኩርት ጋር ከትፋ በአልጫው ላይ ነሰነሰችው፣ መሶቡን አቅርባ ተቀመጠች። እሳቸው ድምፃቸው ገበያው ድረስ እየተሰማ ሲሰድቧት፣ እሷ አንዱን እንጀራ ጨርሳ ሁለተኛውን ዘረጋች።